ስደተኛውንና ሐኪሙን የሚያገናኙ ሰዎችን እንዴት እናሰልጥን? ለጎንደርና ለአካባቢዋ

ይህ ጽሑፍ ጎንደርና አካባቢዋ ላይ ከስደተኞች ጋር ለምትሠሩ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ያላችሁ፣ ድርጅት ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም "እስቲ ትግርኛ የሚችል ሰው ቶሎ ፈልጉልኝ" የተባላችሁ ሁሉ አንብቡት።

ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ አለ። እዚያ ያሉት በአብዛኛው ኤርትራውያን ናቸው። ብዙዎቹ ትግራይ ውስጥ ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ መጠለያ ነበሩ፣ እዚያም ጦርነት ደረሰባቸውና እንደገና ተነሱ። በመተማ በኩል ደግሞ ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ዐረብኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ገብተዋል። ሐኪሙ አማርኛና እንግሊዝኛ ነው የሚችለው። መሐል ላይ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እዚህ "የባህል አገናኝ" እያልኩ የምጠራው እሱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖር ሕዝብ 22 በመቶው፣ ማለትም ከ5 ሰው 1 ሰው ያህል፣ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህን ቁጥር ስታነቡ የቀሩትን 4 ሰዎችም አስቡ። እነሱ በሽተኛ አይደሉም። ሐዘን ላይ ናቸው፣ ተናደዋል፣ ፈርተዋል፣ የልጅ ወተት አጥተዋል። አገናኙ ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያገኛል።

የእኔ አቋም አንድ ነው። ሁለት ቋንቋ መቻል ሥራውን ለመጀመር ይበቃል እንጂ ለመሥራት አይበቃም። ሰውን ለሥራው የሚያበቃው ልምምድና ከስልጠናው በኋላ የሚደረግለት ክትትል ነው። ስለዚህ በጀታችሁን ስትከፋፍሉ አዳራሽ፣ ቦርሳና ቲሸርት ላይ አትጨርሱት።

1. ሥራውን አንድ ገጽ ላይ ጻፉት

ሰው ከመምረጣችሁ በፊት ከክሊኒኩ ጋር ቁጭ በሉና የአገናኙን ሥራ ተስማሙበት። አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለቱም ወገን ይፈርምበት።

ምን ያደርጋል? የተባለውን ሁሉ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ወደ ሌላኛው ቋንቋ ይመልሳል። ሐኪሙ ያልገባው የባህል ነገር ሲኖር ያስረዳል፣ ታካሚው ያልገባው የክሊኒክ አሠራር ሲኖርም እንዲሁ። የተቸገረን ሰው በደንብ ያዳምጣል፣ ወደሚረዳው ቦታም ያገናኛል።

ምን አያደርግም? በሽታ አይመረምርም። መድኃኒት አያዝም፣ "ይሄን ተው" ብሎም አይመክርም። የቤተሰብ ጠብ አይዳኝም። ስለ ሦስተኛ አገር ጉዳይም፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ስለ መኖር፣ ምንም ቃል አይገባም። ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ስደተኛ ክሊኒክ የሚነገር ሁሉ ወደዚሁ ጉዳይ መዝገቡ የሚሄድ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ወይ ይደብቃል ወይ ያጋንናል። አገናኙ በመጀመሪያው ደቂቃ "እዚህ የሚነገረው ነገር ጉዳይዎን አያፋጥንም፣ አያዘገይምም" ብሎ እንዲናገር አስለምዱት።

2. ሰው አመራረጥ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የተሳሳተ ሰው ከተመረጠ ስልጠና አያስተካክለውም።

ከስደተኛው መሐል የሚመረጥ ሰው ቋንቋውንም መከራውንም ያውቃል። ችግሩ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱም ሁሉንም ያውቃል። ሰው ደግሞ ነገ ውኃ ቦቴው ጋ ለሚያገኘው ጎረቤቱ ምስጢሩን መንገር ይከብደዋል። ከጎንደር ከተማ የሚመረጥ ትግርኛ ወይም ዐረብኛ ተናጋሪ በተቃራኒው ከወሬው ይርቃል፣ ግን የጣቢያውን ኑሮ አያውቅም። እኔ ብመርጥ ሁለቱንም ቀላቅዬ እመርጣለሁ፣ ታካሚውም የሚፈልገውን ይመርጣል። ሴትና ወንድ እኩል ይሁኑ። ሴት ታካሚ የደረሰባትን ጥቃት በወንድ አፍ እንዲነገርላት አታስገድዷት።

ትግርኛ የሚችል ሁሉ ለኤርትራዊ ይሆናል ማለትም አይደለም። ማን ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ወገን እንደነበረ ሰው በአነጋገር ዘዬ ይለያል፣ ያለፈው ጦርነት ቁስልም ገና አልሻረም። ከሱዳን የመጣው ዘንድም እንደዚያው ነው። ከዳርፉር የመጣ ሰው ቤቱ የሚናገረው ፉር ወይም መሳሊት ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ ይችላል፣ ግን ዐረብኛው የገዳዮቹም ቋንቋ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ታካሚውን በምን ቋንቋና ከማን ጋር መናገር እንደሚፈልግ በመጀመሪያ ጠይቁት።

ቃለ መጠይቁ ላይ የትምህርት ማስረጃ ብቻ አትዩ። አጭር የልቅሶ ታሪክ ንገሩትና ምን እንደሚል ስሙ። ወዲያው "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ብሎ አፍ የሚዘጋ አለ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ "ከዚያስ?" የሚልም አለ። ሁለተኛውን ያዙት። ልጆችን በፍጹም፣ በፍጹም አስተርጓሚ አታድርጉ። የእናቱን ሕመም የሚተረጉም የ10 ዓመት ልጅ ሊሸከመው የማይገባውን ነገር ይሸከማል። ባልና ወንድምም አይሆኑም።

3. ቀንና ቦታ

አጭር ነገር ነው፣ ግን ብዙ ስልጠና የሚበላሸው በእሱ ነው። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ስልጠና አታስቡ፣ አልጋ የለም፣ ካለም ዋጋው ሌላ ነው። ረመዳንን አስቡ። ምሳ ላይ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይሁን፣ ካልሆነ ለሁሉም የጾም ምግብ እዘዙ፣ ማንም ቅር አይለውም። ከጣቢያ የሚመጡት የይለፍ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋልና ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ አሰልጣኙን ወደ ዳባት መላክ ሰልጣኙን ወደ ጎንደር ከማምጣት የሚቀልበት ወቅት ይኖራል።

ለአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ልምምድ ቀርቶ ንግግር ይሆናል። ለመጀመሪያው ክፍል 5 ቀን መድቡ።

አሰልጣኝ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር የተነሳው። ዛሬ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍልም አለው። ከዚያ አንድ ባለሙያ፣ ከጎኑ አንድ ልምድ ያለው አስተርጓሚ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ስደተኛ አሰልጣኝ ካገኛችሁ ጥሩ ቡድን ነው።

4. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፦ አቀማመጥ፣ ድምፅና ዝምታ

ከንድፈ ሐሳብ አትጀምሩ። ወንበር ደርድሩ። ሐኪም፣ ታካሚና አገናኝ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጡ። ሐኪሙ የሚያየው ታካሚውን ነው፣ አገናኙን አይደለም። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩትና እዩት! ሐኪሙ ሳያውቀው ዓይኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይሄዳል፣ ታካሚዋም ቁጭ ብላ ስለ እሷ ሲወራ ትሰማለች።

ቀጥሎ "እኔ" ብሎ መተርጎም ይለማመዱ። ታካሚዋ "እንቅልፍ አጣሁ" ካለች አገናኙም "እንቅልፍ አጣሁ" ይላል። "እንቅልፍ አጣሁ እያለች ነው" አይልም። ከሁለት ከሦስት ዓረፍተ ነገር በኋላ በእጁ ምልክት ያስቆማል። ረጅም ንግግር ሰምቶ "ባጭሩ ተቸግራለች ነው የምትለው" ማለት ክልክል ነው። የተዘበራረቀ ንግግር ከሆነ ደግሞ እንደተዘበራረቀ ይመልሰው፣ አያሳምረው። ለሥነ አእምሮ ባለሙያ መዘበራረቁ ራሱ ምልክት ነው፤ አገናኙ አስተካክሎ ካቀረበው ከባድ ሕመም ሊታለፍ ይችላል።

ዝምታንም አለማምዷቸው። ሰው ሲያለቅስ ውኃ ማቀበል ጥሩ ነው፣ ንግግር መሙላት ግን አያስፈልግም።

የሰውነት ሕመም ላይ ረዘም አድርጋችሁ ቆዩ። እኛ አገር ሰው "ድብርት አለብኝ" ብሎ ክሊኒክ አይሄድም። "ራሴን ይወጋኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለዋል" ይላል። ኤርትራዊውም ሱዳናዊውም የራሱ አባባል አለው። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከቤቱ፣ ከእናቱ አፍ የሰማቸውን አባባሎች ይጻፍ፣ ከዚያ ቡድኑ አብሮ ያጠናቅር። አሠራሩ ይህ ነው፦ አገናኙ መጀመሪያ የተባለውን እንዳለ ይመልሳል፣ ከዚያ "አሁን የራሴን አስተያየት ልጨምር፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል ከሐዘን ጋር ሊያያዝ ይችላል" ይላል። ይህንኑ ለታካሚውም በቋንቋው ይነግረዋል። ታካሚው ሳያውቅ ከሐኪሙ ጋር የጎን ወሬ ማውራት አመኔታን ይገድላል። በሌላ በኩል ሁሉም ራስ ምታት ጭንቀት አይደለም። መተማ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ትኩሳቱን ሐኪሙ ይለካ።

ሰዓት ነገር አትርሱ። አማርኛው "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ሲል ሱዳናዊው 9 ሰዓት ነው የሚለው። ዘመን አቆጣጠሩም ይለያል። ቀጠሮ ሲሰጥ አገናኙ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ይጻፍ። "ቀጠሮ አያከብሩም" የሚባሉ ሰዎች አንዳንዶቹ በሰዓታቸው መጥተው የተዘጋ በር ያገኙ ናቸው።

5. ሦስተኛውና አራተኛው ቀን፦ ከባዶቹ ነገሮች

መጀመሪያ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት መመሪያ በሦስት ቃል የሚያዝ ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። አደጋ አለ ወይ? ማን የባሰ ተቸግሯል? ምን ያስፈልገዋል? ይህን ማንም ሰው ሊማረው ይችላል። አንድ ነገር አጥብቃችሁ አስተምሩ። ሰውን የደረሰበትን ሁሉ እንዲተርክ አትገፋፉት። "አውጣው ይቅለልህ" የሚል እምነት አለን፣ ነገር ግን ገና ከአደጋ የወጣን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም ማስተረክ እንደማይጠቅም ስለታወቀ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ሊያወራ ከፈለገ ስሙት። ካልፈለገ ሻይ አጠጡትና አጠገቡ ሁኑ።

ትክክለኛ ፍርሃትንና ሕመምን መለየትም እዚህ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. እዚሁ አማራ ክልል አውላላ ጣቢያ የነበሩ ሱዳናውያን ዘረፋውንና ተኩሱን ሸሽተው ወጥተው መንገድ ዳር ሰንብተዋል። ያ ሰው ሌሊት ሲነቃ ሕመም ነው ብላችሁ ኪኒን ከመስጠታችሁ በፊት ያለበት ቦታ ሰላም ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አገናኙ "ይሄ ፍርሃት ምክንያት አለው" ብሎ ለሐኪሙ ማስረዳት የሚችል ሰው መሆን አለበት።

ራስን ማጥፋት። ሁለቱም ሃይማኖት የሚከለክለው ስለሆነ አገናኞች ጥያቄውን ያለሰልሱታል። ሐኪሙ "ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ሲል እነሱ "መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?" ብለው ያስተላልፉታል። መልሱ የታወቀ ነው፣ "ኧረ አላስብም!" ይሆናል። ጥያቄውን በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ይህ በጥናት የታየ ነው። ሰልጣኞቹ ጥያቄውን በራሳቸው ቋንቋ ጮክ ብለው፣ እስኪለምዱት ድረስ ይበሉት። ክሊኒኩ የድብርት መጠይቅ የሚጠቀም ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለ 9 ጥያቄውን፣ የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ መንተባተብ የለም። መጠይቁንም በአፍ እየተረጎሙ አይጠቀሙ፣ የተፈተነ ትርጉም ይፈለግ።

ጸበልና ሼህ። ቤተሰቡ "ዛር ነው፣ ጂን ነው" ሲል አገናኙ አይከራከር፣ አያፊዝም። ጸበሉም ኪኒኑም አብረው ይሄዳሉ ብሎ የሚያምን ቄስና ሼህ ፈልጉና ለአንድ ግማሽ ቀን ጋብዟቸው። አንድ ቄስ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ከእኛ የሳምንት ንግግር በላይ ይሰማል። አገናኙ የሚጠይቀው ሦስት ነገር አለ፦ ታካሚው ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን አቁሟል ወይ? ይበላል ወይ? ታስሯል ወይ? በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ከተቋረጠ አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ጾምም ከሆነ የኪኒኑ ሰዓት እንዲስተካከል ለሐኪሙ ይነገር እንጂ ታካሚው በራሱ አይዝለለው።

መርዶ። እኛ ዘንድ መርዶ በሌሊት፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስደት ላይ ግን መርዶ በስልክ ይመጣል፣ ወይም ሐኪሙ "ወንድምህ እንደሞተ አታውቅም እንዴ?" ብሎ ያፈነዳዋል። አገናኙ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያይ ሐኪሙን አስቁሞ "ይሄ እንዴት ይነገር?" የማለት መብት እንዳለው ሥራውን በጻፋችሁበት ገጽ ላይ ጻፉለት። ኤርትራዊው ሰው ሰብስቦ ሊያለቅስ ይፈልጋል፣ ሱዳናዊው ቢካውን፣ ማለትም የአገሩን ልቅሶ፣ ሊቀመጥ ይፈልጋል። ድንኳን፣ ቡና፣ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ማግኘት ለሐዘንተኛ ከምክር በላይ የሚሠራበት ቀን አለ።

ምስጢር። አንዲት እናት ሐኪሟ ስትወጣ ጠብቃ ለአገናኟ "ለማንም አትንገሪ፣ መኖር ሰልችቶኛል" ትላታለች። ምን ትላለች? ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ የለም። "ኣደይ፣ ይሄን ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ሐኪሟ ስትመለስ አብረን እንነግራታለን፣ አጠገብዎ ነኝ።" ከዚህ ውጭ ያለ ምስጢር ግን ከክሊኒኩ በር አይወጣም። ለባልም፣ ለጣቢያው ኮሚቴም፣ ለፖሊስም አይነገርም። ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር።

6. አምስተኛው ቀን፦ ፈተና

የጽሑፍ ፈተና አትስጡ። ሚና ተከፋፍሎ መጫወት ይሁን። አንዱ ታካሚ፣ አንዱ እውነተኛ ሐኪም፣ ሰልጣኙ መሐል። 10 ደቂቃ ይበቃል። በእሱ ፈንታ የሚመልስ ወንድም ይዞ የመጣ ሰው፣ መሐል ላይ የምትቆጣ ሐኪም፣ "ጉዳዬን አስጨርስልኝ" የሚል አባት አስገቡበት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ኢኩዊፕ በሚል ስም በነጻ ያወጡት የመመዘኛ መሣሪያ አለ። ጥሩነቱ ሰው ምን ያህል እንዳወቀ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነገር መሥራቱንም ይመዘግባል። የሚፈርድ፣ የሚገሥጽ፣ ያልሆነ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ቢደጋግመው ምስክር ወረቀት አትስጡት። በክብር ሌላ ሥራ ፈልጉለት፣ ልጆች ማጫወቻ ቦታ ላይ ወይም ምዝገባ ላይ ሊጠቅም ይችላል።

7. ሐኪሞቹንም አሰልጥኑ

ግማሽ ቀን በቂ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ታካሚውን ማየት፣ ከሕክምናው በፊት ለ10 ደቂቃ ከአገናኙ ጋር መነጋገር፣ ከሕክምናው በኋላም "አንተ ምን አየህ? አንተስ ደህና ነህ?" ብሎ መጠየቅ። ከአስተርጓሚ ጋር የሚደረግ ምክክር እጥፍ ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ኃላፊው ይህን ካልተቀበለና ወረፋውን እንደ ድሮው ከቆጠረ አገናኙ መቸኮል ይጀምራል፣ ማሳጠር ይጀምራል፣ የተማረውም ሁሉ ይቀራል።

8. ከስልጠናው በኋላ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ወር አገናኙ ብቻውን አይግባ፣ ልምድ ያለው ሰው አብሮት ይቀመጥ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ቋሚ ቀንና ሰዓት ላይ፣ ቡድኑ ከአንድ ባለሙያ ጋር ይገናኝ። መንገድ ከተዘጋ በስልክ ይሁን። ኔትወርክ ከጠፋ እርስ በርስ ይገናኙ፣ ግን አይቅር። እዚያ ላይ ሪፖርት አይሰበሰብም። "ትናንት ያቺ ሴት የተናገረችውን 'እኔ' ብዬ ስተረጉም የራሴ እህት ትዝ አለችኝ" የሚባልበት ቦታ ነው። "እኔ ተደፈርኩ፣ እኔ ልጄን ቀበርኩ" እያለ ሲተረጉም የሚውል ሰው፣ እሱ ራሱ በዚያው መንገድ የመጣ ስደተኛ ከሆነ፣ ከማንኛችንም በላይ ይጎዳል። በቀን ከባድ ጉዳዮችን ገድቡለት። "ይሄን ታካሚ አልችልም" ሲል ምክንያት አትጠይቁት። እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ከጓደኛ ከራቀ ሊታከም የሚችልበት፣ የሥራ ባልደረቦቹ የማይቀመጡበት ሌላ ቦታ አዘጋጁለት።

ክፍያው በሰዓቱ ይውጣ። ስደተኛ አገናኝ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ የሚባል አነስተኛ ገንዘብ ነው፣ ያም ሲዘገይ ሰው እየጣለ ይሄዳል። የትራንስፖርትና የሞባይል ካርድ ለየብቻ ይሰጠው፣ ታካሚዎች ሌሊት የሚደውሉት ለእሱ ነውና። ሌሊት ማን ስልክ እንደሚያነሳ በተራ ጻፉና ክሊኒኩ በር ላይ ለጥፉት፣ የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ አይሁን።

ከ6 ወር በኋላ ለ2 ቀን መልሳችሁ ሰብስቧቸው። ያኔ አሰልጣኙ ትንሽ ይናገር። ጉዳዮቹን እነሱ ያምጡ፣ ከመሐላቸውም ለቀጣዩ ዙር ማሰልጠን የሚችሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ምረጡ።